ለውጥ ተሰቅሏል፣ ገብታችሁ እዩት

አዲስ አበባ ላይ የቡድን የሥዕል ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ርዕሱን ለማወቅ ባነሩን ማንበብ አያስፈልግም። ወይ «ማንነት» ነው፣ ወይ «ለውጥ» ነው። ማንነት አምና ወጥቶለታል፤ ዘንድሮ ዕጣው የለውጥ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ሰዓሊ ይሰበሰባል፣ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ሸራ ይዋጣል፣ ወይኑ በላስቲክ ብርጭቆ ይዞራል፣ አንድ የክብር እንግዳ መቀስ ይሰጠውና ሪባን ይቆርጣል። ንግግሩም ያው ነው፦ «ጥበብ የኅብረተሰብ መስታወት ናት።» መስታወቷን ግን ያያት የለም፤ ታዳሚው ሁሉ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ፎቶ ይነሣል።

«ለምንድነው በቡድን የምታሳዩት?» አለ አንድ ነገረኛ።

«የአዳራሹ ኪራይ ለብቻ አይቀመስማ!» አለው ሰዓሊው ሳያቅማማ።

ካታሎጉ ውስጥ ካለው ሁሉ እውነቷ ይቺ ናት። የቡድን ዐውደ ርዕይ ዕቁብ ነው፤ ልዩነቱ ሁሉም ጥሎ ዕጣው የሚወጣው ኤምባሲ ውስጥ ሰው ለሚያውቀው መሆኑ ብቻ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ ያቺ ትንሽ ቀይ ነጥብ የምትለጠፈውም ለእሱ ነው። የአንዱ ሰዓሊ አጎት ከገጠር መጥተው ነጥቧን አዩና፦

«ይቺ ቀይ ምንድናት?»

«ተሸጧል ማለት ነው፣ አጎቴ።»

«እንዴት ነው ነገሩ? ቀይ የበራበት ሄደ፣ ያልበራባቸው ቆመው ቀሩ? የእናንተ አገር መብራት ተገላቢጦሽ ነው!»

አጎትየው ሳያውቁት የከተማዋን የሥዕል ገበያ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። «ለውጥ» ብሎ ርዕስ የሰቀለ ሰዓሊ ዕዳ አለበት፦ ከምን ወደ ምን? ይህችን ካልመለሰ በዚያ ርዕስ ሥር የማይገባ ሥዕል የለም። አበባ ብትሥል ነገ ይጠወልጋልና ለውጥ ነው። አህያ ብትሥል ባጃጅ ተክቷታልና ለውጥ ነው። ባዶ ሸራ ብትሰቅልማ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ነው፤ ቀለም መግዣው ተለውጧላ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ እንያዘው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን ዘለለ። የዘይት ቀለሙ፣ አክሪሊኩ፣ ደህና ብሩሽ የሚባለው ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። እኛ አገር ሰዓሊው ድሮም ቢሆን አቡጀዴ ወጥሮ፣ ኮላ ለቅልቆ፣ ነጭ ደርቦ ሸራ ያደርግ ነበር፤ ያ ብልሃት ዛሬም አልሞተም። ቀለም ግን ከአቡጀዴ አይጨመቅም።

«ሥዕሎችህ ምነው አነሱ?» አሉት አንዱን ወጣት ሰዓሊ።

«ብሩን ተከትለው ነው።»

«ሰማዩን ለምን ሳትቀባው ተውከው?»

«ሰማያዊው አልቆብኝ። ኮንቴነሩ እስኪገባ ደመና ነው በለው።»

ይሄ ልጅ ከምን ወደ ምን ለሚለው መልስ አለው። የሚያሳዝነው፣ የሥዕሉ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ሌላ ሰው ጻፈለት። እንዲህ ይላል፦ «ሰዓሊው በዚህ ሥራው የቦታን፣ የጊዜንና የኅልውናን ውስብስብ መስተጋብር ይፈትሻል።» አንድ ሸበቶ የሥዕል መምህር መነጽራቸውን አወለቁ፣ አንብበው ጨረሱና ልጁን ጠሩት።

«ልጄ፣ እዚህ ግቢ የሚፈትሸው በር ላይ ያለው ጥበቃ ነው። አንተ ሣል።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ካልተጻፈ ፈረንጅ አይገዛም እኮ።»

«ፈረንጁ የሚገዛው ሥዕሉን ከሆነ ያሳየው፤ ጽሑፉን ከሆነ በኪሎ ይመዘንለት።»

ሌላው የዘንድሮ ወረት በር ነው። አሮጌ በር፣ አሮጌ መስኮት፣ አሮጌ የእንጨት በረንዳ፣ ከሥሩ «ፒያሳ»። በ2016 ዓ.ም. የከተማዋ የኮሪደር ልማት አራዳ ገብቶ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲነሣ ብሩሽ ያለው ሁሉ ድንገት ፒያሳ ናፈቀው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ፊት ለፊት ማኪያቶ ሲጠጣ ቀና ብሎ ያላየው ሰው ዛሬ ማጠፊያውን ሳይቀር አሳምሮ ይሥለዋል።

«በሩ ቆሞ ሳለ የት ነበርክ?»

«እየገባሁ እየወጣሁበት።»

ጥሩ መልስ ነው፤ አልፈርድበትም። ሰው የሚኖርበትን በር አይሥልም፣ ይከፍተዋል። ችግሩ ሥዕሉ በሩን ሲያሳይ ከበሩ በስተኋላ ማን እንደነበር አለማሳየቱ ነው። ሁሉም በር ዝግ ነው፣ ሁሉም በር ያማረ ነው፣ ደጃፉ ላይ አንዲት ድመት ተኝታለች። እዚያ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ስንት አባወራ አንድ የውኃ ቧንቧ ይጋራ እንደነበር፣ ጣሪያው ስንት ቦታ ያፈስ እንደነበር ድመቷ አትናገርም። ፒያሳ በሸራ ላይ ስትሆን ክረምት የላትም። ይህን ያልኩት ለፈረሰው ሰፈር ሳላዝን ቀርቼ አይደለም፤ እንዲህ ታጥቦና ተተኩሶ የቀረበው ግን የፖስት ካርድ ሰፈር ነው።

አንዱ ግን ለየት አለ። ሸራው ላይ የቆርቆሮ አጥር ቁራጭ ቸንክሯል፤ ከፈረሰ ግቢ የተነቀለ፣ የምስማሩ ቀዳዳ እንኳ ያልተደፈነ። ዝገቱን አልነካውም። ታችኛው ጠርዝ ላይ ልጆች በከሰል የጻፉት የኳስ ውጤት ይነበባል፤ ስሟ የተሰረዘ አንዲት ልጅም አለች፣ ከጎኗ ልብ ተሥሏል። ጥግ ላይ የቤት ቁጥር ታርጋ፣ ግማሹ ቀለም ተልጦ፣ በአንድ ምስማር ዘመም ብላ ተንጠልጥላለች። ሰዓሊው ከራሱ የጨመረው ነገር ቢኖር ከላይ እስከ ታች የወረደች አንዲት የግራጫ መስመር ናት። ይሄኛው ከምን ወደ ምን ብሎ ጠይቆ መልሱንም ችንካር መትቶበታል።

አንዲት እትዬ ሥዕሉ ፊት ቆመው ዋጋውን ካነበቡ በኋላ ዘወር አሉ።

«ይሄን ያህል ብር?»

«አዎ እትዬ፤ ታሪክ ያለው ቆርቆሮ ነው።»

«ታሪኩማ የእኛ ነው! ለአጥሬ ካሳ የሚከፍለኝ ያጣሁት እኔ፣ ዋጋ ለጥፈህ የሰቀልከው አንተ!»

ሰዓሊው ቃል አጣ። ይህቺ ግን ተረብ አልነበረችም። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ዐውደ ርዕዩን የከፈተችው ይህቺ ናት ብል አላጋነንኩም፤ የቡድን ዐውደ ርዕይ ውስጥ የሚጠፋው ነገር ጠብ ነውና። አሥራ ሁለት ሰዎች ስለ ለውጥ ይሥላሉ፣ አንዱም ከአንዱ አይጣላም። ለውጡ የጣለው ሰዓሊና ለውጡ ያነሣው ሰዓሊ ጎን ለጎን ተሰቅለው አይተያዩም። አንድ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጦ ስለ ለውጥ ሲያወራ ድምፅ ካልተሰማ ወይ ሁሉም ተኝቷል ወይ ሁሉም ፈርቷል።

ስለ ግራጫዋ መስመር ደግሞ፦ የኮሪደር ልማቱ ካለፈ ወዲህ በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ዳር ግራጫ ቀለም መብዛቱን ያላስተዋለ የለም።

«ለምን በግራጫ ብቻ ሣልክ?»

«ከተማዋን እያየሁ ነው የሠራሁት።»

«ቢጫ ብትጨምርበትስ?»

«ደንቡ እስኪሻሻል ልጠብቅ።»

ለመሆኑ ለውጥን ከምን ወደ ምን ብሎ የሣለ ኢትዮጵያዊ ጠፍቶ ነው? አፈወርቅ ተክሌ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በአፍሪካ አዳራሽ መስኮት ላይ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል አቁሟል፤ አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ። ሥዕሉ ሦስት ክፍል ነው፦ ያለፈው፣ ያኔ የነበረው ትግል፣ የሚመጣው። ሰውየው ሳይሽኮረመም ከየት ወደ የት ብሎ ጻፈው። ትወደዋለህ አትወደውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ ለምሳሌ ሦስተኛው ክፍል ትንሽ ቸኩሏል ባይ ነኝ። አዳራሹ ብዙ ዓመት የፈጀ እድሳት አልቆለት በ2017 ዓ.ም. ተከፈተ።

«የወደፊቱ ክፍል መቼ ነው የሚደርስልን?»

«ቢያንስ ታጥቧል።»

ከዚሁ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ ደርግ በ1970ዎቹ አጋማሽ የሌኒንን ሐውልት አቆመ። ያም ስለ ለውጥ ነበር፤ ያውም ርዕሱ በትልቁ። ሌኒን አንድ እግሩን አስቀድሞ ሲራመድ ነው የተቀረጸው። የአዲስ አበባ ሰው አየት አደረገውና «የት ሊሄድ ነው?» ተባባለ፤ መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ወደ ቦሌ፤ አውሮፕላን እንዳያመልጠው ነው።» ሐያሲ የሚባለው ሁሉ አፉን በያዘበት ዘመን በዚያ ሐውልት ላይ የተሰጠ የጥበብ ሂስ ይኸው ብቻ ነበር፤ ሰጪውም ስሙን አልፈረመበትም። በግንቦት 1983 ሐውልቱ ወረደ። ሌኒን ያለ ቪዛ ሄደ፤ የአፈወርቅ መስታወት እዚያው ቀረ።

ያን ጊዜ ሰዓሊዎቻችን ጢም በመሣል ተክነው ነበር፤ በየበዓሉ ለአብዮት አደባባይ የሚደርስ ማርክስ፣ ኤንግልስ፣ ሌኒን ያስፈልጋል። አንድ አዛውንት ሰዓሊ ሲቀልዱ «ጢሙን እኛ ሣልነው፣ የተላጨነውም እኛ ነን» ይላሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን እሸቱ ጥሩነህ የሚባል ወጣት በ1966ቱ ግርግር የረሃብ ሰለባዎችን ሣለ። ርዕሱ ለውጥ አይልም። ሰው ተርቧል ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ያመጣው ነገር እዚያ ሸራ ላይ ነበር እንጂ ከዚያ ወዲያ በተሣለው ጢም ውስጥ አልነበረም።

ታደሰ መስፍንም አለ። ሶቪየት ኅብረት ተምሮ መጥቶ፣ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንቱን ትውልድ አስተምሮ፣ ዓመታት ሙሉ የሣለው ጉሊት የሚሸጡ ሴቶችን ነው። የሚሸጡት ትንሽ ነው፣ ቁመታቸው ግን ሸራውን ከላይ እስከ ታች ይሞላዋል።

«እነዚህ ሴቶች ምን ተለወጠላቸው?» አለ ነገረኛው።

«የቲማቲሙ ዋጋ።»

ይቺን ሳልስቅባት አላለፍኩም። ግን ቀልዷ እውነት ናት፤ ንጉሥ ሲወርድ፣ ወታደር ሲመጣ፣ ወታደር ሲሄድ፣ ሜዳው ላይ ላስቲኳን አንጥፋ የቆየችው የጉሊቷ ሴት ናት። ያልተለወጠን ነገር መሣልም ስለ ለውጥ መሣል ነው፤ እንዲያውም ይከብዳል።

ኤልያስ ስሜ ዘንድ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ሰውየው የኮምፒውተር እናት ሰሌዳውን፣ የስልክ ሽቦውን፣ የተጣለውን የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ይሰበስባል፣ ሽቦውን እንደ ጥለት ይጎነጉናል፣ ከሩቅ ሲታይ የእርሻ ማሳ ወይም ከአውሮፕላን የታየች ከተማ ይሆናል። ቀረብ ስትል የሞተው ኖኪያህ ሆድ ዕቃ ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ የሚሰበስበው ዓይነት ዕቃ ሙዚየም ገብቶ በጓንት ይነካል። አንድ ልዋጭ ነጋዴ ይህን ቢሰማ፦

«እኔ ለአሮጌ ሱሪ ሳፋ ስሰጥ ልዋጭ ተባልኩ፤ እሱ ለአሮጌ ሽቦ ዶላር ሲቀበል ሰዓሊ ተባለ?»

«አንተ ሳፋውን ሰጥተህ ትሄዳለህ፤ እሱ አንድ ሥራ ላይ ወራት ይቀመጣል።»

«ወራት ልቀመጥማ፣ ኪራዬን ማን ይክፈል?»

መልስ የለኝም፤ ለሰዓሊዎቹም ያው ጥያቄ ነው። ኤልያስ ከዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰጉድ ጋር ሆኖ መካኒሳ ላይ ያቆመው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ከተማው ሁሉ ወደ መስታወት ፎቅ ሲሮጥ እሱ ወደ ጭቃ ቤት ሄደ። ለውጥ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው ያለው ማን ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ተመልካቹ ልዙር፤ ሰዓሊውን ብቻ ብተርብ ጎኔን ያሳክከኛል። ረቂቅ ሥዕል ፊት ቆሞ «ይሄንንማ ልጄም ይሥለዋል!» የሚል ሰው በየዐውደ ርዕዩ አይጠፋም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራዎቹን ሲያሳይም «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም» ያለው ብዙ ነው። ሰውየው በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። ያኔ «የእኛ አይደለም» የተባለው ዛሬ የእኛ ሆነ። ስለዚህ፦

«ይሄንንማ ልጄም ይሥለዋል!»

«ይሣለዋ! ከሳሎንህ ከባንክ የተሰጠህን ካላንደር ያወርድልሃል።»

ጁሊ ምሕረቱ፣ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ የወጣችው፣ በ2008 ዓ.ም. እዚሁ የገብረ ክርስቶስ ሙዚየም ሥራዎቿን አሳይታለች። የከተማ ፕላን፣ የሕንፃ ንድፍ፣ በላዩ ጭረት፣ በጭረቱ ላይ ሌላ ጭረት፤ ከተማ እየተሠራች እየተሰረዘች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኒው ዮርክ ላይ አንድ ሥራዋ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ወሬው ሲሰማ የእኛ ነገረኛ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ።

«ጭረቱ በሜትር ስንት ይመጣል?»

«አንተ ብትጭር ቅጣቱን ትከፍላለህ።»

ይኸው በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ፓቪሊዮን ከፈተች፤ ተስፋዬ ኡርጌሳ ብቻውን ነበር ያሳየው። አለ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጀርመን ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ነው። ሥዕሎቹ ውስጥ ሰውነት ከሰውነት ይጠላለፋል፣ እግሩ የማን እንደሆነ አታውቅም፣ ዓይኑ ግን ያይሃል። ስደትን ያላየ ሰው አይሥለውም። የቡድኑ ልጆች ቀኑበት? ቀኑ እንጂ!

«እኛስ መቼ ነው ቬኒስ የምንሄደው?»

«ከተማዋ ውኃ ላይ ናት አሉ። በክረምት ቦሌ ሚካኤልን ተሻግረህ ካወቅክ ልምዱ አለህ።»

ወደ ዐውደ ርዕዩ አዳራሽ ስመለስ ወይኑ አልቋል፣ ቆሎው ተርፏል፤ የሐበሻ ዐውደ ርዕይ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚያልቀው። አንዲት ደህና የለበሱ ወይዘሮ ያንን ግራጫ መስመር ያለበትን ሥዕል ከግራ ከቀኝ አዩት፤ ራቅ አሉ፣ ቀረብ አሉ፣ በስልካቸው የሳሎናቸውን ፎቶ አውጥተው አስተያዩት።

«ወድጄዋለሁ፤ ግን ከሶፋዬ ጋር አይሄድም።»

«ሶፋው እግር አለው እኮ፣ እሜቴ፤ እሱን ያስሂዱት» አላቸው ሰዓሊው።

«ሶፋው የባለቤቴ ነው። እሱ ደግሞ ለውጥ የሚባል ነገር አይወድም።»

«እንግዲያው ሥዕሉን ይውሰዱና ባለቤትዎን ይላኩልን፤ እዚህ ባዶ ግድግዳ አለን፣ እሳቸውን እንሰቅላለን።»

«እውነት ትሰቅሉልኛላችሁ?» አሉ ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን እየከፈቱ። «የፍሬሙን እኔ እችላለሁ!»